ኮልፌ የማይከራከርበት ዋንጫ

ሚያዝያ ሲገባ ኮልፌ ውስጥ ሒሳብ የማይችል ሰው አይገኝም። ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ፣ ከቤተል እስከ አየር ጤና ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች፣ ቡና መጠጫዎችና የታክሲ ተራዎች አንድ ጥያቄ ነው የሚነሳው፤ ዋንጫውን ማን ይበላል? ትምህርት ቤት ሳለ ሒሳብ ሲባል ራሱን ያመው የነበረ ልጅ ሁሉ በዚህ ወቅት ቀሪ ጨዋታ፣ ተስተካካይ ጨዋታ፣ የግብ ክፍያ እያለ በጣቱ ይቆጥራል። «እነሱ ከሜዳቸው ውጪ ሦስት አላቸው፤ እኛ ሁለት» ይላል አንዱ። «እኛ» የሚለው ለንደን ያለውን ክለብ ነው። ማንም አያርመውም። ሁሉም የራሱ «እኛ» አለው።

የአርሰናሉ ደጋፊ «ዘንድሮ የኛ ነው» ይላል። የማንቸስተር ዩናይትዱ ደጋፊ «በእናንተ ዘንድሮ ስንት ዓመት አለቀ!» ብሎ ይመልሳል። እውነትም መድፈኞቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይሸነፉ ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ እስከ 2025 ድረስ 21 የውድድር ዘመን ያለ ሊግ ዋንጫ አልፏል። ይህ ግን ደጋፊውን ዝም አላሰኘውም፤ እንዲያውም አፉን አሰላው። ዋንጫ የለመደ ደጋፊ ዋንጫውን ቆጥሮ ይቀመጣል። ያላገኘ ግን ዕድሉን ሲያሰላ ይኖራል፤ ስለዚህም ከሁሉ የተሻለ ተከራካሪ ሆኖ ይወጣል።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ ጫጫታ ሊመስለው ይችላል። ጫጫታም አለበት። ነገር ግን ቁጭ ብሎ ላዳመጠ ሰው ክርክሩ ውስጥ ብዙ ዕውቀት አለ። እ.ኤ.አ. የ2022/23ን የውድድር ዘመን ማስታወስ ይበቃል። አርሰናል ሚያዝያ መግቢያ ላይ ማንቸስተር ሲቲን በ8 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሲቲ ግን አንድ ተስተካካይ ጨዋታ በእጁ ነበረው። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ደጋፊ ዋንጫውን ለሰሜን ለንደን ሰጥቶ ተኛ። ሌላው ግን መልበሻ ክፍሉን አየ። ዊሊያም ሳሊባ መጋቢት ላይ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ጋር በነበረው ጨዋታ ተጎድቶ ወጥቷል፤ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ እሱን የሚተካ አልነበረም። ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። መድፈኞቹ ሊቨርፑልን 2ለ0 እየመሩ 2ለ2 ወጡ፣ ዌስትሃምንም 2ለ0 እየመሩ 2ለ2 ወጡ፣ በሜዳቸው ከሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3ለ3 ተለያዩ። በመጨረሻም ኢትሃድ ሄደው 4ለ1 ተሸነፉ። 248 ቀን ሊጉን የመራ ቡድን 84 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ሆነ፤ ሲቲ በ89 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ።

የእንግሊዝ ሊግ ታሪክ እንዲህ ባለ ነገር የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማንቸስተር ዩናይትድ 6 ጨዋታ ሲቀረው በ8 ነጥብ ይመራ ነበር። ኦልድትራፎርድ ላይ ኤቨርተንን 4ለ2 ሲመራ ቆይቶ 4ለ4 የወጣበት ቀን ዛሬም የዩናይትድ ደጋፊ ስሙ ሲነሳ የሚያፏጭበት ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን ሲቲ በኪውፒአር 2ለ1 እየተመራ 90 ደቂቃ ሞላ። ዤኮ አቻ አደረገ፣ አጉዌሮ አሸናፊዋን አገባ። ሁለቱም ቡድኖች እኩል 89 ነጥብ ይዘው በግብ ክፍያ ተለያዩ፤ ሲቲ 64፣ ዩናይትድ 56። «ጎል ምን ይሠራል፣ ሦስት ነጥቡ ነው ዋናው» የሚል ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ኮልፌ ውስጥ ሰሚ የለውም።

እንግዲህ ጥሩ ተከራካሪ ማለት ማን እንደሚመራ የሚያውቅ አይደለም፤ ያንን ማንም ያያል። ጥሩ ተከራካሪ ማን ከማን እንደሚጫወት፣ የት እንደሚጫወት፣ ማን እንደተጎዳ፣ ማን ቅጣት እንዳለበት፣ ማን አውሮፓ ውስጥ ረቡዕ ተጫውቶ ቅዳሜ እንደሚመለስ የሚያውቅ ነው። የኮልፌ ልጆች ይህን ያውቁታል። አንዳንዶቹ ደግሞ በሌሊት ተነስተው የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ስለሚያዩ ጨዋታውን በሌላ መልክ ያመጡታል። እዚያ የዓመቱ አንደኛ መሆን ዋንጫ አያሰጥም። ጥሎ ማለፍ አለ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው። ጎልደን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2015/16 ከ82 ጨዋታ 73ቱን አሸንፎ ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ በፍጻሜው ክሊቭላንድን 3ለ1 እየመራ 4ለ3 ተሸንፏል። በእግር ኳስ ሊግ ግን ይግባኝ የለም። ነሐሴ ላይ የጣልከው ነጥብ ግንቦት ላይ ይቆጠርብሃል። የቅርጫት ኳስ ተመልካቹ ክርክሩን ጥሎ ማለፉ ሲደርስ ሊጀምር ይችላል፤ የሊግ ተከራካሪ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማየት አለበት።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ስሌት፣ ይህ ሁሉ ድምፅ የሚወጣበት የእንግሊዝ ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2025 ባሉት ስምንት የውድድር ዘመናት ወደ ሁለት ቤት ብቻ ነው የገባው። ማንቸስተር ሲቲ ስድስት ጊዜ፣ ሊቨርፑል ሁለት ጊዜ። በቃ። በዚያው ጊዜ፣ ማለትም ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን አግኝቷል፤ የ2012ቱ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል። በሰባቱ ጊዜ ዋንጫ ያነሱት ክለቦች ስድስት ናቸው። ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ (ሁለት ጊዜ)፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድን። ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ከባድ የሆነው፣ ለክርክርም የሚመቸው ሊግ የትኛው ነው? ኮልፌ ሒሳቡን እየሠራ ያለው መልሱ ቀድሞ በታወቀው ፈተና ላይ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ በአንድ ይታይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም አራት ጊዜ በተከታታይ ከወሰደ በኋላ «ይሄ ሊግ የፈረሰኞቹ የግል ንብረት ነው» ተብሎ ነበር። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ከታች አድጎ መጣ፤ በዚያው በመጀመሪያ ዓመቱ ከጊዮርጊስ ጋር ነጥብ ለነጥብ ተናንቆ በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። አጉዌሮ በኪውፒአር ላይ ያገባትን ጎል ደቂቃዋን ከነሰከንዷ የሚናገር ልጅ ይህኛውን ብትጠይቀው ራሱን ያካል። በግብ ክፍያ የተወሰነ ዋንጫ እኮ ነው! በ2011 ደግሞ ፋሲል ከነማ ሊጉን እየመራ ወደ መጨረሻው ሳምንት ገባ። ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ወጣ፤ መቀሌ 70 እንደርታ አሸነፈና በአንድ ነጥብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። አፄዎቹ ያን ቀን የጣሏት ሁለት ነጥብ ከሊቨርፑል እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ክሪስታል ፓላስ ጨዋታ በምን ታንሳለች? ሊቨርፑል 3ለ0 እየመራ 3ለ3 መውጣቱን ግን አጠና ተራ ላይ የማያውቀው የለም።

ከዚያ በ2013 ፋሲል ዕዳውን አወራረደ። በ2014 ጊዮርጊስና ፋሲል እንደገና እስከ መጨረሻው ቀን ተያይዘው ፈረሰኞቹ ወሰዱ፤ በ2015ም ደገሙ። በ2016 ንግድ ባንክ፣ ያውም ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት፣ ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ በላ። በ2017 ኢትዮጵያ መድን የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ያደገ ቡድን ፕሪሚየር ሊጉን ቢወስድ ኮልፌ ሳምንት ሙሉ አይተኛም ነበር። እዚህ በሰባት ዋንጫ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

ሌላም አለ። የ2010ሩን ጅማ አባ ጅፋርን፣ የ2011ዱን መቀሌ 70 እንደርታንና የ2017ቱን ኢትዮጵያ መድንን ያሰለጠነው አንድ ሰው ነው፤ ገብረመድህን ኃይሌ። ሦስት ዋንጫ፣ ሦስት የተለያየ ክለብ፣ ሦስቱም ዓመቱ ሲጀመር ትልልቆቹ ከሚባሉት ዝርዝር ውጪ የነበሩ። ጓርዲዮላ ይሻላል ሞውሪኒዮ፣ አርቴታ ይበቃል አይበቃም እየተባለ ሌሊት ድረስ በሚከራከርበት ሰፈር ይህ ሰው ምን ሠርቶ እንዳሸነፈ የሚከራከር ሁለት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የመከላከል አደራጀቱ ነው? ያልታወቁ ተጫዋቾችን መምረጡ ነው? መልበሻ ክፍሉን መያዝ መቻሉ ነው? ይህ ነው ክርክር ማለት። ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

«የአገሩን ኳስ ይንቃል» ተብሎ ደጋፊው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይፈረድበታል። ፍርዱ ልክ አይደለም። ይኸው ደጋፊ ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ቡናማ ለብሶ ከጦር ኃይሎች በሜክሲኮ አድርጎ ስታዲየም ድረስ የዘለቀ ነው። በዚያን ጊዜ የዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ቅዳሜ የሲቲና የዩናይትድ፣ በማግስቱ የቡናና የጊዮርጊስ ነበር። ሰፈር ውስጥ «ጋሼ» የሚባሉት ታላላቆች ዛሬም ሲጫወቱ የሚያነሱት ያንን ዓመት ነው፤ ልጆቹም ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ምክንያቱም እነሱ የሚመልሱት የላቸውም። በ2013 ዓ.ምም አቡበከር ናስር በቡና ማልያ 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሰፈሩ እንደገና ነቅቶ ነበር። በየቀኑ «ስንት ደረሰ?» ይባል ነበር። ቡና ግን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አቡበከርም በዓመቱ ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈርሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ወሬውም አብሮት ሄደ።

ታዲያ ምን ሆነ? ሰው ያላየውን አይከራከርም። በ2008 ዓ.ም ባቡሩ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በቀጥታ ስታዲየም ማድረስ ሲጀምር ለኮልፌ ደጋፊ የተሠራ ነው የሚያሰኝ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ባቡሩ ቀረና ኳሱ ሄደ። በ2013 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ከዚያም ሊጉ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማ እየዞረ ለዓመታት ቀጠለ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ተዘጋ። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ «በሜዳችን» የሚለው ጨዋታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከኮልፌ ተነስቶ ማን ይሄዳል? ከሜዳ ውጪና ከሜዳ ውስጥ የሚባል ነገር በሌለበት ደግሞ ከተከራካሪው ስሌት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። «እነሱ ከሜዳቸው ውጪ ሦስት አላቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ ትርጉም አጣ።

እርግጥ ነው በዚያው በ2013 ዲኤስቲቪ ካሜራውን ይዞ ገብቷል፤ ሊጉ በቴሌቪዥን መታየቱ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ክለቦቹም ገንዘብ አግኝተውበታል። የአርሰናልን ጨዋታ የሚያሳየው ሳህን የመድንንም ጨዋታ ሊያሳይ ቻለ ማለት ነው። ሆኖም የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ነጋዴ ነው፤ ሰው የሚሞላለትን ይከፍታል። ሰው የሚሞላው ደግሞ ቀድሞ የተከራከረበትን ለማየት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያልተወራበት ጨዋታ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት ሦስት ሰውና አንድ የተኛ አስተናጋጅ ነው የሚያየው።

ቤቲንግ ሰፈር ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ጠባይ አምጥቷል። ዱሮ «ማን ይበላል?» ሲባል የሚከፈለው ቢበዛ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነበር። አሁን ዕድሉ በቁጥር ተጽፎ ይመጣል፤ ልጁም ቡድኑን ትቶ ቁጥሩን ያያል። ለአርሰናል እየጮኸ በሲቲ የሚቆርጥ ሰው ተፈጥሯል። እንዲህ ያለው ሰው ክርክር ውስጥ ሲገባ ጨዋታው ይበላሻል፤ ምክንያቱም የልቡን አይናገርም። የቤት ኪራዩን ቆርጦበት የሚያድር ጎረምሳ መኖሩን ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል። የሚያሳዝነው፣ የራሱን አገር ሊግ በቅጡ የሚያውቅ ልጅ ባለበት ኮልፌ፣ አንዳንዱ ስሙን እንኳ መጥራት በማይችለው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ላይ ገንዘቡን ማፍሰሱ ነው።

«ባንከራከርስ ምን ይቀርብናል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ይቀራል። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው። ማልያ ሸጠው፣ ትኬት ሸጠው የሚያድሩ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ክለብ «ለምን ይህን ተጫዋች ገዛህ? አሰልጣኙን ለምን አባረርክ? ደመወዝ ለምን ዘገየ?» ብሎ የሚጠይቀው ደጋፊው ነው። ደጋፊው ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል? ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ከሊጉ ወረደ። አራት ዓመት! እንግሊዝ ውስጥ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 ዋንጫ ወስዶ በ2023 ሲወርድ ኮልፌ ውስጥ «አንድ ነገር ነካቸው» ተብሎ ለወር ተወራ፤ ባለቤቱ፣ አሰልጣኙ፣ የሸጧቸው ተጫዋቾች በየተራ ተነሱ። ስለ ጅማ ግን ዝም። መቀሌ 70 እንደርታም የ2011 ዋንጫውን ሳይከላከል ቀረ፤ የ2012ቱ ውድድር ተሰረዘ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ከሌሎቹ የትግራይ ክለቦች ጋር ወደ ሊጉ የተመለሰው በ2017 ነው። ይህን ያህል ታሪክ ያለው ሊግ ሰው የሚያወራው አጣ ማለት የሚያሳፍር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለደጋፊው ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ሥራው ጨዋታ ማካሄድ ብቻ ከሆነ ሠርቷል። ደጋፊ ማፍራት ከሆነ ግን ለተከራካሪው መከራከሪያ መስጠት አለበት። የሊጉ የመጨረሻ አምስት ሳምንታት መርሐ ግብር፣ ዋንጫውን የሚፎካከሩት ቡድኖች ማን ከማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ ሰው ግድግዳ ላይ ለጥፎ እንዲቆጥረው አስቀድሞ ይውጣ። ወሳኞቹ ጨዋታዎች ሠራተኛው ቤቱ በሚገባበት ሰዓትና በእሁድ ይሁኑ። የጉዳትና የቅጣት ዝርዝር ከክለቦቹ በየሳምንቱ ይሰጥ። አንድ ክለብ የቀኝ ተመላላሹ መጎዳቱን እንደ ወታደራዊ ምስጢር የሚይዝ ከሆነ ደጋፊው በምን ይከራከር? የመጨረሻው ዙርም ሲቻል ብዙ ደጋፊ ባለበት ከተማ ይሁን። እሑድ አመሻሽ ላይ ዋንጫ የሚወስን ጨዋታ አዲስ አበባ ውስጥ ቢደረግ ከኮልፌ የሚሄደው ሰው ታክሲ አይበቃውም።

ለዲኤስቲቪ ቤቶቹም አንድ ነገር ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ በር ላይ በጠመኔ የሚጽፉበት ጥቁር ሰሌዳ አላቸው፤ «አርሰናል ከ ቼልሲ 1፡30» ይላል። ከሥሩ ቦታ አይጠፋም። የአገር ውስጡን ሰንጠረዥ የመጀመሪያ አምስት ቡድኖች፣ ነጥባቸውንና ቀሪ ጨዋታቸውን በአንድ መስመር መጻፍ ጠመኔ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ማኪያቶውን የሚጠብቅ ሰው ሰሌዳውን ያያል፤ ካየ ይቆጥራል፤ ከቆጠረ ደግሞ አጠገቡ ላለው ሰው «አንተ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ገና ሁለት ጨዋታ ይቀራቸዋል» ይለዋል። ያኛውም «ቢቀራቸውስ? የግብ ክፍያቸውን አይተኸዋል?» ብሎ ወንበሩን ያስጠጋል።